የወፍጮ ቤቱ ካሜራ፦ ከኅዳር እስከ የካቲት 2017 የተያዘ የሥራ ማስታወሻ

ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቦታው ደብረ ብርሃን ያለው የእናቴ ወፍጮ ቤት ነው። በግቢው ፊት ለፊት ሁለት የኤሌክትሪክ ወፍጮዎች የተተከሉበት ቤት፣ ከእርሱ ጀርባ የእህል መጋዘን፣ በስተመጨረሻ ደግሞ የምንኖርበት ቤት ይገኛሉ። ሁለት መግቢያዎች አሉት፤ አንደኛው ጋሪና አይሱዙ የሚገባበት ዋናው በር ሲሆን ሁለተኛው አስፈጪዎች የሚገቡበት ትንሹ በር ነው።

ነገሩ የተጀመረው የመጋዘኑ መዝገብና በወሩ መጨረሻ የሚደረገው ቆጠራ አልገናኝ በማለታቸው ነው። በመስከረም ሁለት ኩንታል፣ በጥቅምት ሦስት ኩንታል ስንዴ ጎደለ። እናቴ ማንንም መጠርጠር አልፈለገችም። እኔ ግን እህሉ የሚወጣው ሌሊት ነው ብዬ ገና ከመጀመሪያው ደምድሜ ነበር። ይህን የምጽፈው እህሉ የት እንደሚሄድ ለማወቅ የሰቀልኳቸው ካሜራዎች በመጀመሪያ ለምን በተሳሳተ ቦታ እንደተሰቀሉ ስለሚያስረዳ ነው።

ኅዳር 15

የመጀመሪያው ሙከራ በዋይፋይ ካሜራ ነበር። እያንዳንዳቸው በ4,200 ብር ሁለት ካሜራዎችንና በ900 ብር ሁለት 64 ጊጋባይት ሚሞሪ ካርዶችን ገዛሁ፤ በድምሩ 10,200 ብር ወጣ። ሐሳቤ ገመድ ሳልዘረጋ፣ ግድግዳ ሳልበሳ በአንድ ቀን መጨረስ ነበር። ይሁን እንጂ የመጋዘኑ ግድግዳ ከግማሽ ሜትር በላይ ውፍረት ያለው የድንጋይ ግንብ ስለሆነ በመኖሪያ ቤቱ ያለው ራውተር የሚልከው ሲግናል መጋዘኑ ዘንድ ሲደርስ አንድ መስመር ብቻ ይቀረዋል፤ ምስሉም በየደቂቃው ይቆማል። መብራት ሲጠፋ ራውተሩም ካሜራውም አብረው ይጠፋሉ። ከሁሉ የከፋው ግን ቀረጻው ያለው በካሜራው ውስጥ ባለችው ካርድ ላይ መሆኑ ነው፤ ሌባው ካሜራውን ነቅሎ ከወሰደው ማስረጃውንም ይዞት ሄደ ማለት ነው።

አሁን አንዷ ካሜራ በዶሮ ቤቱ ውስጥ ትሠራለች፤ ሌላዋ በካርቶኗ ተቀምጣለች።

ኅዳር 22

ዛሬ መርካቶ ሄጄ ዋልኩ። ምርጫው በሁለት ዓይነት አሠራር መካከል ነበር። አንደኛው በኮአክሲያል (የቴሌቪዥን አንቴና ገመድ በሚመስል) ገመድ የሚሠራውና ዲቪአር የሚባለው መቅጃ ያለው ሲሆን፣ ሁለተኛው በኔትወርክ ገመድ የሚሠራው አይፒ ካሜራ፣ ኤንቪአር ከሚባለው የራሱ መቅጃ ጋር ነው። ዲቪአሩ በዋጋ ሲታይ በአንድ ሦስተኛ ያህል ይረክሳል። ዳሩ ግን ለእያንዳንዱ ካሜራ ከምስሉ ገመድ ሌላ የ12 ቮልት መስመር ያስፈልገዋል፤ 12 ቮልት ደግሞ ረጅም ርቀት ሲሄድ እየሳሳ ስለሚመጣ ከ80 ሜትር በላይ ላለው ጥግ አስቸጋሪ ነው። በአይፒው በኩል ፒ.ኦ.ኢ. በሚባለው አሠራር ካት 6 የሚባል አንድ የኔትወርክ ገመድ ምስሉንም ኤሌክትሪኩንም ይሸከማል፤ ኤሌክትሪኩም በ48 ቮልት ገደማ ስለሚሄድ በርቀት ብዙ አይጎዳም። የገመዱ ወሰን 100 ሜትር ነው፤ የእኔ ሩቁ ካሜራ 85 ሜትር ላይ ይሆናል።

ስለዚህ ባለ 8 መግቢያ ኤንቪአር በ21,500፣ ለቀረጻ ተብሎ የተሠራ 4 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ በ17,800፣ ስድስት ባለ 4 ሜጋፒክስል ካሜራዎች በ7,600 ሒሳብ በ45,600 ብር ገዛሁ። ነጋዴው ባለ 8 ሜጋፒክስሉን ካልወሰድክ ብሎ ሞግቶኝ ነበር። ፒክስሉ በጨመረ ቁጥር ዲስኩ ቶሎ እንደሚሞላና በተመሳሳይ ሴንሰር (ብርሃን ተቀባይ) ላይ ትናንሾቹ ፒክስሎች በጨለማ የባሰ እንደሚያዩ ስለማውቅ እምቢ አልኩ። በዚህ አልተሳሳትኩም። የተሳሳትኩት ሌንሱን ሳልጠይቅ ስድስቱንም አንድ ዓይነት፣ ባለ 2.8 ሚሊሜትር አድርጌ መውሰዴ ላይ ነው። የካሜራው ቅርጽም ዶም ሳይሆን ተሬት የሚባለው፣ ዓይኑ በክብ ሽፋን ያልተከደነው ነው፤ የዱቄት ቤት ሽፋን ላለው ካሜራ እንደማይሆን አንድ ወዳጄ አስጠንቅቆኝ ነበርና እግዚአብሔር ይስጠው።

ገመዱን ደግሞ ባለ 305 ሜትሩን ጥቅል በ7,800 ብር አገኘሁት። አጠገቡ ያለው ሌላ ጥቅል 18,500 ነበር። ካርቶኑ ላይ ሁለቱም ካት 6 ይላሉ። ርካሹን ወሰድኩ።

ኅዳር 28 እስከ ታኅሣሥ 2

ገመድ መዘርጋት። ድሪል፣ ባለ 10 ሚሊሜትር የድንጋይ ሜጫ፣ ፊሸር፣ ባለ 20 ሚሊሜትር ፕላስቲክ ቱቦ፣ በገመድ ጫፍ ላይ መገናኛ መግጠሚያ ክሪምፐርና የገመድ መመርመሪያ ተገዙ፤ ከመገናኛዎቹና ከሣጥኖቹ ጋር 6,400 ብር።

በወፍጮ ቤቱ ውስጥ የኔትወርኩን ገመድ ወደ ሞተሮቹ ከሚሄደው የ380 ቮልት መስመር ጋር በአንድ ቱቦ ለመስደድ አስቤ ነበር፤ ቱቦው ዝግጁ ስለነበር ሥራ ያቀልልኛል። የወፍጮውን ሞተር የሚጠግነው ባለሙያ አይቶ ሐሳቤን እንድተው አደረገኝ። ሞተሩ ሲነሳ የሚስበው ኃይለኛ ኩሬንት ከጎኑ ባለው ገመድ ላይ ረብሻ መፍጠሩ ብቻ ሳይሆን የኃይሉ ገመድ ልባሱ አንድ ቀን ቢቆስል 380 ቮልቱ በቀጥታ ወደ መቅጃው ይገባል። በሌላኛው ግድግዳ፣ ከኃይል መስመሩ ከአንድ ሜትር በላይ አርቄ ዘረጋሁት፤ መሻገር ግድ በሆነበት አንድ ቦታ ላይም በመስቀል ቅርጽ እንዲያልፍ አደረግሁ። ይህ ሁለት ቀን ፈጀ።

ኤንቪአሩን መጀመሪያ ያስቀመጥኩት ሚዛኑ አጠገብ ባለችው ጠረጴዛ ሥር ነበር። በሁለተኛው ቀን ክዳኑ በዱቄት ነጭ ሆኖ ሳገኘው ወደ መኖሪያ ቤቱ ቁም ሣጥን አዛወርኩት። ይህም ብዙዎቹን ገመዶች በአማካይ በ25 ሜትር አስረዘመብኝ።

ታኅሣሥ 7

ስድስቱም ተሰቅለው ምስል ሰጡ። አንደኛው ዋናውን በር፣ ሁለተኛው ትንሹን በር፣ ሦስተኛው የመጋዘኑን ጀርባ፣ አራተኛው የወፍጮ ቤቱን ውስጥ፣ አምስተኛው የግቢውን ሩቅ ጥግ፣ ስድስተኛው የመኖሪያውን በረንዳ ያያሉ። እናቴ በቴሌቪዥኑ ላይ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ስታይ ደስ አላት። ከዚያም፣ «ይሄ በሩ ላይ የቆመው ማን ነው?» አለችኝ። መለየት አልቻልኩም።

ያን ዕለት ማታ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። የ2.8 ሚሊሜትር ሌንስ ወደ ጎን 103 ዲግሪ ያህል ያያል። ካሜራው ከዋናው በር 14 ሜትር ይርቃል፤ በዚያ ርቀት የሚያየው ስፋት 35 ሜትር ነው። የምስሉ ወርድ 2,560 ፒክስል ስለሆነ ለአንድ ሜትር የሚደርሰው 73 ፒክስል ብቻ ነው። ለዚህ ሥራ የወጣው ዓለም አቀፍ መለኪያ የማይታወቅን ሰው ፊት ለመለየት በሜትር 250 ፒክስል፣ የሚታወቅን ሰው እርሱ መሆኑን ለማረጋገጥ 125 ፒክስል ይጠይቃል። 73 የሚበቃው አንድ ሰው መኖሩንና የሚያደርገውን በጥቅሉ ለማየት ብቻ ነው። ስለዚህ ጥፋቱ የካሜራው ጥራት ሳይሆን የሌንሱ ስፋት ነው፤ ሰማዩን፣ የጎረቤቱን አጥርና ግማሹን መንገድ እየቀረጽኩ ፊቱን አሳንሼዋለሁ።

ሁለተኛው ጥፋት ከፍታው ነው። እንዳይሰረቁ ብዬ በ4 ሜትር ተኩል ላይ ሰቅያቸዋለሁ። እዚህ አገር በታኅሣሥ ጠዋት ሰው ሁሉ ጋቢውን እስከ ግንባሩ ተከናንቦ ነው የሚሄድ። ከላይ ሆኖ የሚያይ ካሜራ የሚቀርጸው ነጭ ጋቢ ብቻ ነው።

ሁለቱን የበር ካሜራዎች ይዤ ወደ አዲስ አበባ ተመለስኩ። ነጋዴው በእያንዳንዳቸው 800 ብር ጨምሬ አንዱን በ6 ሚሊሜትር፣ ሌላውን በ4 ሚሊሜትር ሌንስ ለወጠልኝ። የ6ቱ ሌንስ 54 ዲግሪ ያህል ስለሚያይ በ14 ሜትር ላይ ስፋቱ ወደ 14 ሜትር ወርዶ በሜትር 179 ፒክስል ሰጠ። በትንሹ በር 4ቱን ከ6 ሜትር ርቀት ስሰቅለው 237 ሆነ። ሁለቱንም ወደ 2 ሜትር ከ40 ዝቅ አደረግኋቸው። አሁን ከጋቢው ሥር ያለው ፊት ይታያል።

ታኅሣሥ 10

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ትልቁ ወፍጮ ሲነሳ ኤንቪአሩ ይጠፋና እንደገና ይነሳል። የወፍጮው ሞተር ሲነሳ የመስመሩ ቮልቴጅ ለአንድ አፍታ ይወድቃል፤ አምፖሉ ሲደበዝዝ ይህን ዘመናችንን ሁሉ ስናየው የኖርነው ነገር ነው፤ መቅጃው ግን አይታገሥም። በእያንዳንዱ መነሳት ሁለት ደቂቃ ያህል ቀረጻ ይቀራል። ይህ በቀን አምስትና ስድስት ጊዜ ሲደጋገም ዲስኩን ማበላሸቱ አይቀርም። ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ በባትሪ የሚያቆይ 650 ቪኤ ዩፒኤስ በ9,200 ብር ገዝቼ ኤንቪአሩንና ራውተሩን በእርሱ በኩል አደረግሁ። ችግሩ በዚያው ቀን ቆመ። ካሜራዎቹ ኤሌክትሪካቸውን ከኤንቪአሩ ስለሚያገኙ እነርሱም አብረው ዳኑ።

ታኅሣሥ 15

ዘበኛችን በጠዋት መጥተው፣ «ልጄ፣ ትናንት ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ውሻው አለቅጥ ጮኸ፤ በሩም ተንኳኳ፤ እስቲ በዚያ ነገር እይልኝ» አሉኝ።

መጀመሪያ በችኮላ 9:00 የሚለውን ከፈትኩ። ምንም የለም፤ ያውም ምስሉ ድቅድቅ ጨለማ ነው። ከዚያ ለራሴ ሳቅሁና ከሌሊቱ ዘጠኝ ማለት በማሽኑ 3:00 መሆኑን አስታውሼ ወደዚያ ሄድኩ። አሁንም ውሻው ተኝቷል። ግማሽ ሰዓት ወዲያና ወዲህ ስል ቆይቼ ነው ሌላ ነገር ያስተዋልኩት፤ ማያው 23:00 በሚልበት ምስል ላይ ሰማዩ ገና አልጨለመም። 9:00 የሚለው ምስልም ሊነጋ ሲገባው ጨለማ የነበረው ለዚህ ነው። ማሽኑ ከፋብሪካ ሲወጣ በቻይና ሰዓት፣ ማለትም ከእኛ በአምስት ሰዓት ቀድሞ ተሞልቶ ነበር፤ ኢንተርኔት ባገኘ ቁጥር ራሱን «የሚያርመው» ወደዚያው ነው። የሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት 8:00 በሚለው ላይ ተገኘ።

ጅብ ነበር። ከዋናው በር ውጭ ሁለት ጊዜ ተመላልሶ ቆርቆሮውን በትከሻው ገፍቶ ሄደ።

የሰዓት ቀጠናውን ወደ እኛው፣ ማለትም ከግሪንዊች በሦስት ሰዓት ወደሚቀድመው ለወጥኩ። በተጨማሪም ከማያው ጎን አንድ ወረቀት ለጠፍኩ፤ በአንድ በኩል የእኛ ሰዓት፣ በሌላ በኩል የማሽኑ፣ ከሥሩ ደግሞ የወሩ ቀኖች በኢትዮጵያና በፈረንጅ። ዛሬ ታኅሣሥ 15 በማሽኑ ዲሴምበር 24 ነው። ይህ ወረቀት ዋጋ የለውም፤ ነገር ግን እናቴ ያለ እኔ ቀረጻ መፈለግ የቻለችው በእርሱ ነው።

ታኅሣሥ 18

ሦስተኛውን ካሜራ ከመጋዘኑ ጀርባ አነሳሁት። ለአሥራ አንድ ሌሊቶች ከድመት በቀር ማንም አላለፈበትም። እናቴ፣ «እህሉ በእግሩ አይሄድ፤ የሚነሳው ከሚዛኑ ነው፤ ለምን እዚያ አታየውም?» ብላ ጠየቀችኝ። ክርክሩን ለማቆም ያህል ሚዛኑንና ከጎኑ ያለውን የማዳበሪያ ክምር ከላይ እንዲያይ አድርጌ ሰቀልኩት። እዚህ የሚፈለገው ፊት ሳይሆን የማዳበሪያው ቁጥርና እንቅስቃሴ ስለሆነ ሰፊው የ2.8 ሌንስ ተስማማው።

የሚዛኑ ቦታ ወደ ምሥራቅ በሚከፈት በር ፊት ለፊት ነው፤ ጠዋት ፀሐይ በበሩ ስትገባ የቆመው ሰው ሁሉ ጥቁር ጥላ ይሆናል። በካሜራው ቅንብር ውስጥ ዋይድ ዳይናሚክ ሬንጅ የሚባለውን ሳበራው ፊቱም ከበሩ ውጭ ያለውም በአንድነት ታየ።

ታኅሣሥ 24

አምስተኛው ካሜራ፣ በ85 ሜትር ላይ ያለው፣ ከመሸ በኋላ እየጠፋ ይመለሳል። ቀን ቀን ደኅና ነው። ይህ ፍንጭ ነበር፤ ምክንያቱም ሌሊት የሚጨመረው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ በጨለማ እንዲያይ የሚረዳው፣ ለዓይን የማይታየው የኢንፍራሬድ መብራቱ። ቀን 3 ዋት ተኩል ያህል የሚጠቀመው ካሜራ መብራቱ ሲበራ 7 ዋት ይደርሳል።

የገመዱን አንድ ጫፍ ሁለት ሽቦዎች አገናኝቼ በሌላው ጫፍ በመልቲሜትር ለካሁ። በዚህ ርዝመት ከ16 ኦም መብለጥ አልነበረበትም፤ 34 ኦም አነበብኩ። ሽቦውን በምላጭ ስፍቀው ከላይ መዳብ፣ ከውስጥ ነጭ ሆነ። በመዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ነው፤ ያውም ከተጻፈበት የቀጠነ። በእርግጥ ስሌቱን በጥንቃቄ ስሠራው 34 ኦም ብቻውን ካሜራውን አያጠፋውም፤ ከ48ቱ ቮልት የሚጎድለው ሦስት እንኳ አይሞላም። ትክክለኛው ጥፋት ያለው በመገናኛው ላይ ነበር፦ የመገናኛው ጥርስ ለስላሳውን አሉሚኒየም በደንብ አልነከሰውም፤ የላላው ቦታ ኩሬንቱ ሲጨምር ይቋረጣል። ጫፉን ቆርጬ እንደገና ስሠራው ሁለት ሌሊት ሠርቶ በሦስተኛው ተመለሰበት።

ያንን 18,500 ብር የጠየቀኝን ጥቅል ገዛሁ። ሦስቱን ረጃጅም መስመሮች በሙሉ መዳብ ቀየርኩ፤ አጫጭሮቹን ለጊዜው ትቻቸዋለሁ። ማንም ገመድ ሊገዛ ቢሄድ ከጥቅሉ አንድ ስንዝር አስቆርጦ በምላጭ ይፋቀው፤ ጥቅሉንም ያንሳው፤ የመዳቡ ጥቅል በክብደቱ ያስታውቃል።

ጥር 3

ቆጠራ ተደረገ። በታኅሣሥ ሁለት ኩንታል ጎድሏል። ቀረጻውን ከመጀመሪያው ለማየት ስፈልግ ከታኅሣሥ 19 ወዲህ ያለው ብቻ ነው ያለው፤ ቀሪው በላዩ ተቀርጾበታል።

ይህን አስቀድሞ ማስላት ይገባኝ ነበር። እያንዳንዱ ካሜራ በሴኮንድ 4 ሜጋቢት ይልካል፤ ይህ በቀን 43 ጊጋባይት ነው። ለስድስቱ 259 ይሆናል። 4 ቴራባይት የተባለው ዲስክ በተግባር 3,700 ጊጋባይት ያህል ይይዛል፤ ሲካፈል 14 ቀን። እኛ የምንቆጥረው በ30 ቀን ነው። ጉድለቱን የምናውቀው ቀረጻው ከጠፋ በኋላ ነው ማለት ነው።

ለሚዛኑና ለትንሹ በር 3 ሜጋቢት፣ ለቀሩት አራቱ 1.5 ሜጋቢት ኤች.265 በሚባለው፣ ምስሉን ይበልጥ በሚያምቀው አሠራር አደረግሁ፤ የምስሉንም ፍጥነት በሴኮንድ ከ25 ወደ 12 ምስል ቀነስኩ። ድምሩ በቀን 130 ጊጋባይት ስለሆነ 28 ቀን ያስቆየናል። ሁለተኛ ዲስክ ለመግዛት ሳስብ እናቴ፣ «ቆጠራውን በየአሥራ አምስት ቀኑ ብናደርገውስ?» አለች። 17,800 ብር በዚህ ዳነ።

ያለውን ቀረጻ ከጽሑፍ መዝገቡ ጋር እያስተያየሁ ሦስት ምሽት ተመለከትኩት። ታኅሣሥ 27፣ የገና ዋዜማ ሰሞን ግርግር፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት ከ40 ላይ አንድ ጋሪ መጣ። አስፈጪዋ ያመጣችው አራት ማዳበሪያ ነው፤ ጋሪው ላይ የተጫነው ስድስት ነው። ሁለቱ የተነሱት ከእኛ ክምር ነው። የእኛም የደንበኞችም ማዳበሪያዎች አንድ ዓይነት ነጭ ናቸው፤ ክምሮቹም በመካከላቸው አንድ እርምጃ እንኳ የላቸውም። ጫኙ ሆን ብሎ ያድርገው ወይም ተሳስቶ ከምስሉ መለየት አይቻልም፤ እኔም አልፈርድም። ሴትዮዋን ስናገኛት አንዱን ማዳበሪያ እንዳልከፈተችው አሳየችን፤ ለሌላው ከፈለች።

በመስከረምና በጥቅምት የጠፋው እንዲሁ ይሁን አይሁን አይታወቅም። የእኛን ማዳበሪያ ሁሉ አፉ ላይ ቀይ ቀለም ቀባንና ክምሩን ከሚዛኑ ወዲያ ማዶ አዛወርን። ዘበኛውን፣ «አባባ፣ በልቤ ጠርጥሬዎት ነበር፤ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። «ያንን ዓይን መጋዘኑ ጀርባ ስትሰቅለው አውቄዋለሁ ልጄ» አሉኝና ወደ ሌላ ወሬ አለፉ።

ጥር 14

ብናኝና ውርጭ። በወፍጮ ቤቱ ውስጥ ያለው አራተኛው ካሜራ ማታ ማታ ነጭ ጉም ብቻ ያሳያል። በአየር ላይ የሚንሳፈፈው ዱቄት የካሜራውን የራሱን ኢንፍራሬድ ብርሃን መልሶ ወደ ሌንሱ ስለሚያንፀባርቅ ነው፤ የመኪና ረጅም መብራት በጉም ውስጥ እንደሚያደርገው ያለ ነገር ነው። የካሜራውን መብራት አጥፍቼ በተቃራኒው ግድግዳ አንዲት ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል ሌሊቱን እንድትበራ አደረግሁ። ምስሉ በቀለም፣ ያለ ጉም መጣ።

በውጭ ያሉት ካሜራዎች ላይ ደግሞ ሸረሪት ድሯን ታደራለች፤ በዙሪያቸው የሚያንዣብቡት ነፍሳት ቀለቧ ናቸው። በየቅዳሜው በደረቅ የቀለም ብሩሽ መጥረግ የዘበኛው ሥራ ሆኗል። የውርጩ ጉዳይ የተለየ ነው፤ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ወዲያ የበረንዳው ካሜራ መስታወት በጤዛ ይሸፈናል። መጀመሪያ በጣም ከቆርቆሮው ሥር አስገብቼው ስለነበር የራሱ ብርሃን በክፈፉ ላይ አርፎ ምስሉን ያነጣው ነበር፤ 20 ሴንቲሜትር ወደ ውጭ ባወጣው ያ ተስተካከለ፤ የጤዛው ግን ባሰ። ገና መፍትሔ አላገኘሁለትም።

የእንቅስቃሴ ማስጠንቀቂያውም ተስተካከለ። ወፍጮው ሲሠራ ግድግዳው ስለሚርገበገብ ስልኬ ቀኑን ሙሉ ይጮህ ነበር። አሁን ማስጠንቀቂያው ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ብቻ፣ ያውም የሰው ቅርጽ የተወሰነ መስመር ሲያልፍ ብቻ ነው የሚሠራው።

ጥር 25

ዱባይ ያለው ወንድሜ ግቢውን በስልኩ ማየት ፈለገ። አንድ የሠፈር ቴክኒሻን በራውተሩ ላይ ፖርት፣ ማለትም ከኢንተርኔት በቀጥታ የሚያስገባ በር፣ ክፈትለት አለኝ። አልከፈትኩም። በ2016 በፈረንጅ አቆጣጠር ሚራይ የተባለው ፕሮግራም የፋብሪካ የይለፍ ቃላቸው ያልተለወጠ ካሜራዎችንና መቅጃዎችን በብዛት ማርኮ በጥቅምት ወር የአሜሪካ ትልልቅ ድረ ገጾችን አስቁሞ ነበር፤ የተማረኩት እንደ እኔ ባሉ ሰዎች ቤት የተሰቀሉ ናቸው። ስለዚህ የኤንቪአሩን የይለፍ ቃል ለወጥኩ፤ ፈርምዌሩን፣ ማለትም የመቅጃውን የውስጥ ፕሮግራም፣ ከአምራቹ ገጽ አውርጄ አደስኩ፤ ለወንድሜ ማየት ብቻ የሚችል የተለየ ስም ከፈትኩለትና በአምራቹ አፕሊኬሽን በኩል አስገባሁት። የሚያየውም ዋናውን ሳይሆን አነስተኛውን ምስል ነው፤ በሴኮንድ ግማሽ ሜጋቢት ብቻ ስለሚፈልግ የቤታችን ኢንተርኔት ይችለዋል።

በዚሁ ሳምንት የጎረቤታችን ባለቤት መጥታ አምስተኛው ካሜራ የልብስ ማስጫዋን ያያል ወይ ብላ ጠየቀች። ያያል። ማያው ፊት አምጥቼ አሳየኋት፤ ከፊቷም ያንን ክፍል በጥቁር ሸፈንኩት። ይህ ሽፋን በቀረጻውም ላይ ስለሚሠራ በኋላ ማንም ሊገልጠው አይችልም። የግል ሕይወት መከበር በሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 ያለ መብት ነው፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። ድምፅ መቅዳቱን በሁሉም ላይ አጠፋሁ፤ ሠራተኞቹ ምሳ የሚበሉባትና ልብስ የሚቀይሩባት ክፍል በማንም ካሜራ እንደማትታይ አስገብቼ አሳየኋቸው፤ በሁለቱም በሮች ላይ «ግቢው በካሜራ ይጠበቃል» የሚል ጽሑፍ ሰቀልኩ።

የካቲት 6

ትናንት መብራት ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ጠፋ። ዩፒኤሱ 40 ደቂቃ ቆየና ጮኾ ዝም አለ። በውስጡ ያለው ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ 84 ዋት ሰዓት ብቻ ነው የሚይዘው፤ ስድስት ካሜራ፣ ኤንቪአርና ራውተር በአንድነት 60 ዋት ገደማ ይበላሉ፤ ስለዚህ ከዚህ በላይ መጠበቅ ሞኝነት ነበር።

ባለ 100 አምፒር ሰዓት ጄል ባትሪ በ27,000፣ የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚቀይር፣ ቻርጀር ያለው ኢንቨርተር በ19,500 ብር ተገዛ። ባትሪው 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ ብጠቀም፣ ኢንቨርተሩ የሚያባክነውም ቢቀነስ፣ 500 ዋት ሰዓት ያህል ይቀራል፤ ይህም ወደ 8 ሰዓት ተኩል ነው። በብርድ ባትሪ ስለሚደክም ከበረንዳው አንስቼ ወደ ውስጥ አስገባሁት።

የካቲት 20

እስካሁን የወጣው በሙሉ 185,100 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ የዋይፋዩ 10,200፣ የርካሹ ገመድ 7,800 እና የሌንሱ ቅያሪ 1,600 በድምሩ 19,600 ብር የእኔ ጥድፊያ ዋጋ ናቸው። እናቴ ሒሳቡን አይታ፣ ቀይ ቀለሙ ስንት እንደፈጀ ጠየቀችኝ። 350 ብር።

የጥርም፣ የየካቲት አጋማሹም ቆጠራ ከመዝገቡ ጋር ገጥሟል።

ክረምት ከመግባቱ በፊት የቀሩ ሥራዎች፦ በውጭ ያሉ መገናኛዎችን ውሃ በማያስገባ ሣጥን መክተት፤ ገመዶቹ ወደ ግድግዳው ከመግባታቸው በፊት ዝናቡ እንዲንጠባጠብ ወደ ታች ጎንበስ ማድረግ፤ የመብረቅ መከላከያ በአምስተኛው መስመር ላይ ማስገባትና ወደ መሬት በትክክል ማሰር፤ የቀሩትን አጫጭር የአሉሚኒየም ገመዶች መቀየር። ስድስተኛው ካሜራ ዛሬም ንጋት ላይ በጤዛ ተሸፍኖ ነበር።